ፎቶ የሌለው ሸርጣን

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን ባሕር አለኝ። አትሳቁ። መካነ ኢየሱስ ላይ ያለችው የፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ የሸራ ባሕር ነው። ሰማያዊ ውኃ፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ጀልባ። በእስቴ ወረዳ ተድሮ በእኔ ባሕር ፊት ያልቆመ ሙሽራ ጥቂት ነው። ከገጠር የሚመጡ አባወራዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ማዕበሉን ከኋላቸው አድርገው ኮስተር ይላሉ። አንዴማ ከስማዳ የመጡ ሽማግሌ ሸራውን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ውኃ ይዛችሁ ነው እኛን ጉድጓድ ቆፍሩ የምትሉን?» አሉኝ።

ፎቶ ማንሣት ያስተማረኝ የለም። ካሜራውን እየነካካሁ፣ ኮምፒውተሩን እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እያለቀስኩ ሳስተካክል ነው የተማርኩት። እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ አንድ አመል ያወጣል፤ ማስተካከል አይጠግብም። እኔ ዘንድ ጠባሳ ይጠፋል፣ የወለቀ ጥርስ ይበቅላል፣ የተንሸዋረረ ዓይን ይቃናል። ሸሚዙ የነተበ ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ክራባት አለኝ፤ እሱን አለብሰዋለሁ። ግማሹ የወረዳችን ሰው በጉርድ ፎቶው የለበሰው ያንኑ ኮት ነው። ሰፊውም ወፍራሙም፣ ረጅሙም አጭሩም ልክክ ይልበታል። እንዲያ ያለ ኮት የትም አገር አልተሰፋም።

ይኸን ሁሉ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ያዋረደኝ ይኸው አመሌ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የሳይንስ መምህር ለተማሪዎቹ የሚሰቅለውን የባሕር እንስሳት ሥዕል አትሚልኝ ብሎ የመጣ ዕለት ነው። እኛ ከተማ መብራት ስትኖር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ትሄዳለች። ያን ዕለት ግን ተኳርፈው ከርመው ለዘመድ ሠርግ እንደ ታረቁ ባልና ሚስት አብረው መጡ። መምህሩም አንድ የኢንተርኔት መዝገብ ከፈተልኝ። በየአገሩ ያለ ሰው ያገኘውን የባሕር ፍጥረት ፎቶና ቪዲዮ እየላከ የሚሞላው መዝገብ ነው። ኮከብ የሚመስል አለ፣ ጃንጥላ የሚመስል አለ፣ የእኔን አማች የሚመስል ዓሣ ሁሉ አለ። መምህሩ የፈለገውን ወስዶ ሄደ፤ እኔ ግን ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ።

እንዲያ ስገላልጥ ሸርጣን ላይ ደረስኩ። መዝገቡ የባሕር ይባል እንጂ ከባሕር ዘመዶቻቸው ተለይተው ወንዝ የገቡትንም ይቀበላል ለካ። ከእነሱ መካከል የእኛ ደጋ ሸርጣን፣ ያ እዚህ ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ድንጋይ ሥር የሚርመሰመሰው፣ ስሙ በክብር ተጽፏል። ፎቶው መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ባዶ ግራጫ ሳጥን አለ። ስልኬ እንዲያስተረጉምልኝ አደረግሁ። «ምስል የለም፤ ያላችሁ ላኩልን» ይላል።

እናንተ የፎቶ ባለሙያ ካልሆናችሁ ይኸ ነገር አይገባችሁም። ለእኔ ፎቶ የሌለው ሳጥን ማለት ለሐኪም ቁስል ማለት ነው። የቻይናው ሸርጣን ተነሥቷል፣ የአውስትራሊያው ተነሥቷል፣ ጥፍር የማታክል የማንም አገር ቀንድ አውጣ ሳትቀር ከፊትም ከጎንም ተነሥታለች፤ የእኛው ብቻ እንደ ስደተኛ ፎቶ አልባ ሆኖ ይቀመጥ? ያውም እኔ ካሜራ ይዤ እዚሁ እያለሁ? በሕይወቴ ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ፤ ይኸን ግን እንደማልተው ያኔውኑ አወቅሁት።

ወደ ጎረቤቴ ወደ እትየ ስንዱ ሄድኩ። እትየ ስንዱ ወንዙ ዳር ነጭ ሽንኩርት ታለማለች፤ ሸርጣን የመስኖ ቦይዋን እየበሳ ውኃውን ስለሚያፈስባት በዓለም ላይ እሷን ያህል ሸርጣን የሚያውቅ፣ እሷን ያህልም ሸርጣን የሚጠላ የለም።

«እትየ ስንዱ፣ ሸርጣን ፈልጌ ነበር።»

«ለመድኃኒት ነው?»

«ኧረ ለፎቶ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ምነው፣ መታወቂያው ጠፋበት?»

ብትቀልድም ይዛ ሰጠችኝ። አንድ እጁ የሌለ፣ ጭቃ ያነቀው ሸርጣን ነው። በባልዲ ይዤው መጣሁ። አሁን ልብ በሉ፤ ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ፊቱን ይታጠባል። አጠብኩት። ከዚያስ? ይቀባባል። ሕፃናት ፊታቸው እንዳይነጣ የምቀባቸው ቫዝሊን ስለነበረኝ ጀርባውን ስስ አድርጌ ቀባሁት፤ እንደ አዲስ ጫማ አበራ። ከዚያ የት ይቁም? መዝገቡ የባሕር ፍጥረታት መዝገብ ነው። እኔ ደግሞ ባሕር አለኝ! በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዘንባባውንና ጀልባዋን ከኋላው አድርጌ አነሣሁት። እውነት ለመናገር እንደ እሱ ያለ የተረጋጋ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ዓይኑን አይጨፍን፣ «አምሮብኛል ወይ?» አይል።

ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ግን አንድ እጁ የለም። አንድ ዓይና ሰው መጥቶ ዓይን ሰጥቼው እልካለሁ፤ ይኸን ምስኪን በዓለም ፊት አንድ እጁን ላቁመው? ቀኝ እጁን ቀዳሁ፣ ገለበጥኩ፣ ግራው ላይ ለጠፍኩ። ጀርባው ላይ የነበረችውን ጭረትም አጠፋሁለት። ኮት ያላለበስኩት ትከሻው ስላልተመቸኝ ነው። ከዚያ ሸርጣኑን ወደ ወንዙ መልሼ፣ ፎቶውን ከቦታው አድራሻ ጋር ላክሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። አንበሳ የገደልኩ ይመስል በከተማው መሐል ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

መልሱ መጣ። መዝገቡን የሚቆጣጠሩ አንድ ዶክተር ናቸው የጻፉት። ትሕትናቸው አይጣል ነው፤ ሰው ሲሰደብ እንዲህ በአክብሮት መሰደቡን ያን ቀን ነው ያየሁት። የላክሽልን ቦታ ከማንኛውም ባሕር እጅግ የራቀ ተራራማ ስፍራ ነው፤ ጀልባዋ ከየት መጣች? ይላሉ። የሸርጣኑ ቀኝና ግራ እጅ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጥረት አይተን አናውቅም። በጀርባውም ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅባት ይታያል። ስለዚህ ምስሉ የሐሰት መስሎ ታይቶናል። ያልተነካካ፣ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ከሚኖርበት ውኃ ውስጥ ቀርጸሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልላክሽ ስምሽን ከአበርካቾች ዝርዝር እንሰርዛለን፤ ቦታውም «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይዘጋል።

እኔን ሐሰተኛ! ግማሽ ወረዳ ኮት ያለበስኩትን ሴት! ተናድጄ ሽንኩርት ሳልልጥ አለቀስኩ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን የእኔ ስም አልነበረም። ሸርጣኑስ ምን አደረገ? እሱ እኮ አለ። በእኔ ማስተካከል የተነሣ የሌለ ሊባል ነው። መዝገቡ ከተዘጋ ወንዛችን ሸርጣን የለውም ተብሎ መቅረቱ ነው።

«እንግዲህ ወይ እኔ ወይ ድንጋዩ» አልኩና ስልኬን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ድንጋይ ቀረጽኩ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ድንጋይ ብቻ። ሸርጣኑ ከሥሩ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱም እኔ ከላይ እንዳለሁ ያውቃል። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ተጎንብሼ ጠበቅሁ፤ አልወጣም። በነጋታው እትየ ስንዱን ይዤ ወረድኩ። ሸርጣኑ ጫፉን ብቅ አደረገና እሷ ቦይዋ ትዝ ብሏት «አንተ የቦዬ ጠላት!» ብላ ስትጮህ ተመልሶ ገባ። ቪዲዮው ላይ የቀረው የእሷ እርግማን ነው። ላኪው ብባል እንኳ የሚያስተረጉም ስልክ የለም፤ ያን ያህል የጠነከረ እርግማን ነው።

«ሸርጣን እኮ ያለ ምግብ አይወጣም» አለችኝ ኋላ ላይ ቀዝቀዝ ስትል።

ምግብ አቀረብኩ። ቂጣ ቆርሼ ጣልኩለት፤ ውኃው ወሰደው። ሽሮ አድቦልቡዬ አስቀመጥኩ፤ ተሟሟ። ክክ አልኩ፣ ጎመን አልኩ፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ትል እንዳልቆፍርለት በበጋ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቋል።

«ምን ይበላልኝ ታዲያ እትየ ስንዱ?»

«ሥጋ ነዋ!»

ሁለታችንም ዙሪያችንን ቃኘን። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ጾሙ ሁዳዴ ነው። በከተማው ሁሉ ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። ሰው እንኳን ሥጋ ሊበላ፣ ቅቤ የነካ ድስት አመድ ለብሶ ተደፍቷል። እኔ ደግሞ ባለ አንድ እጅ ሸርጣን ሥጋ ካላየ አይነሣልኝም ብሏል።

«ቋንጣ አለሽ?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ለፋሲካ የሰቀልኳት አለች። ግን አንቺ ልጅ፣ ሰው ቢሰማስ?»

«ማን ይሰማል?»

ማን እንደሰማ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጠዋት «ቋንጣ ለመነች» የተባለው ወሬ ቀትር ላይ «ቋንጣ ጠበሰች» ሆነ። ወደ አመሻሹ ደግሞ በግ አርዳለች ተብሎ ቆዳውን ሊገዛ የመጣ ነጋዴ በሬን አንኳኳ። «የለም፣ አላረድኩም» ስለው፣ «ዋጋ ካነሰሽ እጨምራለሁ» አለኝ።

በማግስቱ እኔና እትየ ስንዱ ማልደን ወረድን። ቋንጣዋን በክር አስረን ክሩን ዘንግ ላይ ቋጠርን። እሷ ዘንጉን ልትይዝ፣ እኔ ልቀርጽ ነው። ገና ስንመቻች ከወዲያ ማዶ አንዱ «ስንዱ! የውኃ ተራሽ ደርሷል፣ ካልመጣሽ እናሳልፍሻለን!» ብሎ ተጣራ። በበጋ የውኃ ተራውን የሚያሳልፍ ገበሬ የለም። ዘንጉን እጄ ላይ ጥላው በረረች። እኔም በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ ቋንጣ ይዤ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ነክሼ ውኃ መሐል ቀረሁ።

«ደህና አደርሽ ልጄ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

የንስሐ አባቴ አባ ገብሬ ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዳር ላይ ቆመው ቋንጣዋን ያያሉ። ቀሚሴን ከጥርሴ ለቀቅሁት፤ ውኃ ውስጥ ገባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ እርስዎ ደህና አደሩ?»

«ያ ምንድን ነው?»

«ቋንጣ ነው አባ።»

«እሱንማ አየሁት! ሰው ያወራውን ካላየሁ አላምንም ብዬ ነበር የወረድኩት። ቤት ውስጥ መብላት አንሶሽ ወንዝ ዳር ይዘሽው ወረድሽ?»

«እኔ አልበላም አባ! ለሸርጣን ነው።»

«ለሸርጣን!»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ግራጫ ሳጥኑን፣ ቫዝሊኑን፣ የለጠፍኩትን እጅ፣ የዶክተሩን ደብዳቤ። አባ መጀመሪያ ጭራሹን አልገባቸውም ነበር። «ተራራ ላይ ያለ ቦታ ነው ብለው ሐሰተኛ አሉኝ፤ ሸርጣኑም የለም ሊባል ነው» ስላቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የለም አሉ? እዚህ ወንዝ ውስጥ?»

«እንደዚያ ነው ነገሩ፣ አባ።»

«እና ተማሪ ሳለሁ ልብሴን ሳጥብ አውራ ጣቴን የነከሰኝ ማን ነበር? እኒያ ዶክተር ናቸው?» ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «የለም! ነክሶ፣ አድምቶ፣ የለም! በይ አምጭው ያን ዘንግ። አንቺ ስልክሽን ያዥ።»

«አባ፣ ሥጋ እኮ ነው ጫፉ ላይ...»

«አምጭው አልኩሽ!»

ዘንጉን ሰጠኋቸው። ቋንጣዋን ድንጋዩ አፍ ላይ አንጠለጠሏት። ውኃው ጠራ። መጀመሪያ ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያም እጁ። አንድ እጅ! ራሱ ደንበኛዬ ነው። ጭቃውን እንደ ተቀባ፣ ጭረቱም ሳትጠፋ፣ ያለ ቫዝሊን ያለ ዘንባባ ወጣ። ስልኬን ወደ ውኃው አስጠጋሁ። እግሮቹን ቀረጽኩ፣ አፉን ቀረጽኩ፣ በጎኑ ሲሄድ ቀረጽኩ።

ከዚያ ቋንጣዋን ያዘ። አባ ዘንጉን ሳብ አደረጉ፣ እሱ አለቀቀም። አባ ክሩን በእጃቸው ያዙ፣ ሸርጣኑ ደግሞ ቋንጣዋን ወደ ድንጋዩ ጎተተ። «ልቀቅ! ልቀቅ እንጂ አንተ!» ይላሉ አባ፤ እየሳቁ ነው፤ እንደ ሕፃን እየሳቁ ነው። ክሩን ወደ ላይ ሲያነሡት ሸርጣኑ አብሮ ተነሣ። ከፊታቸው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲንጠለጠል አባ ቋንጣዋን ከላይ በኩል በጣታቸው ያዙ። ይኸኔ ሸርጣኑ በጠሳትና ግማሹን ይዞ ውኃው ውስጥ ጠልቆ ጠፋ። ግማሹ ቋንጣ በአባ ጣቶች መካከል ቀረ።

ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አልሠራሁም። ሸርጣኑ ጥርት ብሏል። ከሸርጣኑ ይልቅ የጠራው ግን ሌላ ነገር ነው። አባ ገብሬ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ መስቀላቸው ደረታቸው ላይ ተሰክቶ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ፣ ቀይ ቋንጣ ወደ አፋቸው አካባቢ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ቀኑም ከሥሩ ተጽፏል። ሁዳዴ።

እሳቸውን ቆርጬ ማውጣት እንደ ምራቅ መዋጥ ነው የሚቀለኝ። ግን የቆረጥኩት እንደሆነ ያልተነካካ አይደለም፤ ዶክተሩ ያውቁታል፣ እጅ መለጠፌን ያወቁ ሰው ናቸው። እንደገና እንዳልቀርጽ እትየ ስንዱና ጎረቤቶቿ ውኃውን በየተራቸው ወደ ቦይ ስበውት፣ ሸርጣኑ የሚኖርባት የወንዙ ኩሬ ጭቃ ሆና ቀርታለች። ወሩም እያለቀ ነው። የሸርጣኑ መኖር በአንድ በኩል፣ የንስሐ አባቴ ስም በሌላ በኩል ቆመ። ዕድሜ ልኬን የሰው ነውር ስሸፍን ኖሬ፣ አሁን ነውር ያልሆነ ነገር ነውር መስሎ ሲመጣ መሸፈን የማልችል ሆንኩ።

ስልኬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ከቅዳሴ ወጥተው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አሳየኋቸው። መጀመሪያ ሸርጣኑን ሲያዩ «እሰይ!» አሉ። ቀጥሎ ራሳቸውን አዩ።

ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ልቁረጠው አባ?»

«ብትቆርጭውስ?»

«ተነካክቷል ብለው ይጥሉታል። ሸርጣኑም የለም ተብሎ ይቀራል።»

«ባትቆርጭውስ ማን ያየዋል?»

«ስልክ ያለው ሁሉ ያየዋል አባ።»

«አቡኑ ስልክ አላቸው» አሉ አባ ቀስ ብለው። ጥቂት አሰቡ። ጢማቸውን ሁለት ሦስቴ ዳበሱ። እኔ ምድር ዋጭኝ እያልኩ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«ስሚ ልጄ። ሥጋ የነካ እጅ በውኃ ይታጠባል፤ ታጥቤዋለሁ። ያለን የለም ማለት ግን በምን ይታጠባል? ላኪው። አቡኑ ከጠሩኝ ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ላክሁት። ኔትወርኩ እንደ ሽማግሌ በሬ እያረፈ፣ እያረፈ፣ ሄደ።

ከቀናት በኋላ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ግራጫ ሳጥኑ የለም! ባለ አንድ እጁ ሸርጣናችን ከነጭቃው፣ ከነጭረቱ በመዝገቡ ላይ ጉብ ብሏል። ከሥሩ ቪዲዮው፣ ከቪዲዮው ሥር ደግሞ የእኛ አገር ስም። ዶክተሩም ይቅርታ ጠይቀው ጽፈዋል። አስከትለውም፣ ነጭ የጠመጠሙት ሰው ስማቸው ከእኔ ጎን እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂልን ብለዋል።

እልልታዬን የሰማ ሁሉ መጣ። የገበያ ቀን ስለነበር በሬ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ኮምፒውተሩን ወደ ደጅ አዙሬ ከፈትኩላቸው። አባ ገብሬም በዚያ ሲያልፉ ሰው ጎትቶ አስገባቸው። ሸርጣኑ ብቅ ሲል ሰው ሳቀ፤ ክር ጉተታው ሲጀመር ልጅ አዋቂው ጮኸ። ቋንጣዋ ከአባ ፊት ጋር ስትደርስ ግን ደጃፉ በሙሉ ጸጥ አለ። አንዱ ሌላውን አየ። የበግ ቆዳ ነጋዴው ሳይቀር አንገቱን አሰገገ።

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እትየ ስንዱ ናት። «አባ፣ ይፍቱኝና» አለች፣ «የእኔን ቋንጣ ታዲያ ማን በላት?»

ሰው ሁሉ ወደ አባ ዞረ። አባ አልደነገጡም፤ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው በጣታቸው ሸርጣኑን ነኩት።

«ይኸው፣ ይኸ ነው የበላት። እሱ ደግሞ የእኔ የንስሐ ልጅ አይደለም!»

ደጃፉ በሳቅ ፈነዳ። እትየ ስንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈራፈረች። አባ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«በይ ልጄ፣ ድገሚው። እዚያ እኔ ክሩን ወደ ላይ የሳብኩባት ላይ ስትደርሺ ግን ቀስ አድርጊያት።»